ዳገት ይሁን ቁልቁለት አልተባለም

ባለቤቴ እንድሪያስ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ዕድሜውን ጨርሶ በክብር ጡረታ የወጣው በዚሁ ጠባዩ ነው። ከታዘዘው አያጎድልም፤ ከታዘዘው ላይም ስንዝር አይጨምርም። "በሩን ዝጋ" ካሉት በሩን ይዘጋል፤ የጎረቤት ፍየል ውስጥ ብትቀር የእሱ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ዶክተር ቤተልሔም "ጋሼ፣ በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ" ስትለው አጠገቡ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዶክተሯ ገና ተመርቃ ከሰሜን የመጣች ልጅ ናት። የደም ግፊቱን ለካች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ እንደገና ለካች። ከዚያ ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ኪኒኑን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ፣ ይራመዱ አለችው። ጥሩ ምክር ነው። ነገር ግን አርባ ምንጭን ገና በቅጡ አላየቻትም። አርባ ምንጭ እኮ ሁለት ከተማ ናት፤ ላይ ሴቻ፣ ታች ሲቀላ፣ መሐል ላይ ደግሞ ያ ጠመዝማዛ ዳገት። የእኛ ቤት ሴቻ ነው። ዶክተሯ "ይራመዱ" አለች እንጂ ሽቅብ ይሁን ቁልቁል አላለችም።

ይኼን ሁሉ የማወራው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የእንድሪያስ እናት እማማ ወርቄ የሚኖሩት ኦቾሎ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ነው። በመስከረም ጭቃ መኪና ከላንቴ ሜዳ በላይ አይወጣም፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጋሞ ደግሞ የትም ይኑር የት ለመስቀል እናቱ ደጅ መድረስ አለበት። ሚኒስትርም ቢሆን፣ ሸማኔም ቢሆን፣ እስር ቤት ያለ ብቻ ነው ምሕረት የሚያገኘው። እንድሪያስ ሦስት መስቀል ቀርቷል። አንዱን ዓመት "ጉንፋን" ብሎ ላከ፣ አንዱን ዓመት "እንግዳ መጣብኝ" አለ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት አብረን ወጥተን ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ ትንፋሹ እምቢ አለው፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እንጨት የተሸከመች አሮጊት "ልጄ፣ ልርዳህ?" ብላው አለፈች። ተነሥቶ ወደ ታች ተመለሰ። መታመሙን እናቱ እንዳይሰሙ ብሎ ኩራተኛ መባልን መረጠ።

ሰኔ ላይ ከኦቾሎ ለገበያ የወረዱ ሴቶች መልእክት አመጡለት። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ "በዚህ መስቀል ካልመጣ ቀብሬ ላይ እንዳይቆም። እንባውን ከአሁኑ ከልክዬዋለሁ።"

የኦቾሎ እናት እንዲህ ካለች አለች ነው። ማንም ሽማግሌ አያነሣውም። እንድሪያስ "እሺ" ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ማንጎው ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲቆም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግሥቱ እጁን ይዤ ወደ ክሊኒክ የወሰድኩት ለዚህ ነው።

ጓደኛው ጉግሳ ደግሞ ሰማ። ጉግሳ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም አንድ አያመልጠውም፤ ሬዲዮ ያላለውን ደግሞ "በራሴ የደረሰ ነው" ብሎ ይጨምርበታል። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ያስበላው እሱ ነው። ተልባ እሱ ነው። ሽፈራው ቅጠል አፍልቶ እንደ ሻይ ማጠጣትም የእሱ ነው፤ ሽፈራውስ ጥሩ ነበር፣ እንድሪያስ አራት ማንኪያ ስኳር ባይጨምርበት። አንድ ሰሞን ደግሞ "ወደ ኋላ መራመድ ለጉልበት ፍቱን ነው" ብሎ በአደባባይ ወደ ኋላ ሲራመድ ቦይ ውስጥ ገባና ለወለምታ የሚሆን ቅጠል ይመክረን ጀመር። ይኸው ሰው "የእግር ጉዞውን አብረን እንያዘው" አለ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

ጀመሩ። ሁልጊዜ ጠዋት እንድሪያስ የስፖርት ሱሪውን ለብሶ፣ የውሃ ሃይላንዱን ይዞ፣ ከጉግሳ ጋር ይወጣል። ረፋድ ላይ ሸሚዙ ረጥቦ፣ እያለከለከ፣ "ኡፍ! ዳገቱ ሊገድለኝ!" እያለ ይገባል። እኔ ወንበር አቀርባለሁ፣ በፎጣ አራግብለታለሁ። ጨው የሌለው ሽሮ ሳቀርብለት ጥቂት ቀምሶ "ስፖርት የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ጉግሳ ነግሮኛል" ይላል። ምስኪን ብዬ አዝንለት ነበር።

ያጋለጠችው ድመታችን ናት። ይቺ ድመት እንድሪያስን ወድዳው አታውቅም፤ የእሱ ወንበር ላይ ትሸናለች። ድንገት ግን ፍቅር ያዛት። ገና ከበሩ ሲገባ እግሩ ላይ ትጠመጠማለች፣ ሲቀመጥ እጁን ትልሳለች፣ ጣት በጣት፣ ጥፍሩ ሥር ሳይቀር። በዚያው ሰሞን ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ለቀቅ አደረገ። በእግር እየሄደ፣ ሽሮ እየተወ የሚፋፋ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ብታዩአቸው! እጃቸውን እያወናጨፉ፣ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም እያሉ፣ ጉግሳ ስለ ኮሌስትሮል እያስተማረ። ሲቀላ ደረሱ። ግማሽ ሰዓት ሞላ። ከዚያ ቀጥ ብለው የገቡት ዓሣ ቤት ነው። የጫሞ ዓሣ፣ ከነጭንቅላቱ፣ ዘይት ውስጥ ቀልቶ የወጣ፣ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበ። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ የጉግሳን ድምፅ እሰማለሁ፦ "ብላ፣ ዓሣ ለልብ ነው። በራሴ የደረሰ ነው።" ሁለተኛ ሳህን መጣ፤ ልባቸው ብዙ ነበር መሰለኝ። በልተው ሲጨርሱ ባጃጅ ጠሩ። እኔም ሌላ ባጃጅ ያዝኩና "ያችን ተከተላት" አልኩት።

እንድሪያስ የወረደው ከቤታችን በፊት ካለው ኩርባ ላይ ነው። ግራ ቀኝ አየ። ሃይላንዱን ከፈተ። ጥቂት ውሃ ግንባሩ ላይ፣ ጥቂት ደረቱ ላይ፣ ጥቂት ብብቱ ሥር አፈሰሰ። ሸሚዙን ከሱሪው አወጣ። ከዚያ ማለክለክ ጀመረና ወደ ቤት ገባ። ማዘጋጃ ቤቱ ይኼን ጥበብ መዝገብ ቤት ውስጥ ቀብሮት ኖረ ማለት ነው።

ተከትዬው ገባሁና እንደ ወትሮው ፎጣ አነሣሁ። "ላብህ ቀዝቃዛ ነው" አልኩት።

"የጤና ላብ ነው" አለ ዓይኑን ጨፍኖ።

ማራገቤን ቀጠልኩ። እናቱ እንባ ከልክለውታል፣ መስቀል እየመጣ ነው፣ እሱ ዓሣ ይልሳል! ብጮህበት ይቅርታ ይጠይቀኝና በሌላ ሰፈር በኩል ይዞር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ይኼን ካላወቅሁ ምን አወቅሁ? እኔ ደግሞ የምፈልገው ይቅርታውን ሳይሆን እግሩን ነው።

መጀመሪያ ብቻዬን ወደ ዶክተር ቤተልሔም ሄድኩ። "ያን ዳገት በእግሩ ቢወጣ ይሞትብኛል?" አልኳት። "ኪኒኑን እየዋጠ፣ ቀስ እያለ፣ ሲደክመው አረፍ እያለ ከሆነ አይሞትም፤ እንዲያውም መድኃኒቱ ይኼ ነው" አለችኝ። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ሲቀላ ባጃጅ ተራ ወረድኩ።

የተራው አውራ አቡሽ የሚባል፣ መስተዋቱ ላይ ላባ ያንጠለጠለ፣ አንደበቱ ከባጃጁ የፈጠነ ልጅ ነው። ጓደኞቹን ሰበሰበልኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ከዚያ ዓሣ ቤት እየወጣ ሴቻ ድረስ የምትወስዱት ሰውዬ ባለቤቴ ነው" አልኳቸው። "ልቡ ታሟል። በቀጭን ክር ነው የተንጠለጠለው። እኔ መቼም ለእናንተ አስቤ ነው። ባጃጇ ስታንገጫግጨው ውስጧ ቀጥ ቢል ማን ነው የሚጠየቀው?"

ተያዩ። አቡሽ ላባውን ነካ ነካ አደረገ። "ማዘር፣ ትናንት እኮ እኔ ነኝ የጫንኩት!"

"እግዜር ነው ያተረፈህ" አልኩት። "ታዲያ ለእሱ እንዳትነግሩት። ከደነገጠ እዚያው ነው።"

"ምን ነካሽ ማዘር! ለታማሚ ይነገራል እንዴ?"

አልዋሸሁም። ግፊት አለበት፣ ልቡም ሰንፏል። ለእሱ ከተከለከለው ጨው ትንሽ ወስጄ ወሬው ላይ ጣል አደረግሁበት፣ ያው ነው።

በማግሥቱ፣ አቡሽ እንደነገረኝ፣ እንድሪያስ ከዓሣ ቤት ወጥቶ እጁን አነሣ። ባጃጇ አለፈችው። ሌላ መጣች፤ ሾፌሩ አየውና አማተበና በረረ። ሦስተኛዋ ባዶዋን እየሄደች "ሙሉ ነው ፋዘር!" አለችው። ጉግሳ ብቻውን ሲሆን ይጫናል፤ ከእንድሪያስ ጋር ሲሆን ማንም አይቆምም። ጉግሳ የጓደኝነቱን ልክ ያሳየው በዚያ ቀን ነው፤ ብቻውን ተሳፍሮ ሄደ። ባለቤቴ እኩለ ቀን አልፎ ቤት ገባ። ላቡ ትኩስ ነበር። ወንበሩ ላይ ወድቆ ጣሪያውን እያየ፣ "ልክነሽ፣ ይቺ ከተማ ተበላሽታለች" አለኝ በስሜ ጠርቶ።

"ምን ሆነህ?"

"ምንም" አለ። ምን ይበል? በባጃጅ እመጣ ነበር አይል።

ሆድ ሙሉ ዓሣ ተሸክሞ ያን ዳገት መውጣት እንደማይቻል በሳምንቱ ገባው። መጀመሪያ ሁለተኛው ሳህን ቀረ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ቀረ፣ በኋላ አንድ ሾርባ ብቻ ሆነ። ሐምሌ ሲያልቅ ድመቷ ፊቷን አዞረችበት፤ ነሐሴ ላይ ወንበሩ ላይ መሽናቷን ቀጠለች። በዚህ ነው ማገገሙን ያወቅሁት።

ሾፌሮቹም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ለእሱ አልነገሩትም። ለተቀረው ሰው ሁሉ ግን ነገሩ። በእኛ አገር የሰው ሕመም ለሰፈሩ ሁሉ ይታወቃል፣ ለባለቤቱ ብቻ ይደበቃል። መንገድ ላይ የማያውቁት ሴቶች እጁን ይዘው "አይዞህ ወንድሜ" ይሉት ጀመር። አንድ ቀን ባለሱቁ ብርቱካን በነጻ ሰጠው። ዳማ ሲጫወቱ ተሸንፎለት የማያውቀው ጉግሳ ሆን ብሎ መሸነፍ ጀመረ፤ ተሸንፎም ዓይኑ እንባ ያቀራል። እንድሪያስ ማታ ማታ "ሰው እኮ በጡረታ ጊዜ ነው የሚከበረው" ይለኛል። "አዎ" እለዋለሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እየሳቅሁ።

ጳጉሜ ላይ ዶክተር ቤተልሔም ስትለካው ግፊቱ ወርዷል። "ኪኒኑ ሠርቷል" አለች። ጉግሳ "ሽፈራው ነው" አለ። ባለቤቴ ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ "ዓሣው ነው" አለኝ፤ ያን ጊዜ ነው የራሱን ምሥጢር ያወጣው፣ እኔም እንደ አዲስ ደነገጥኩለት። ስለ ዳገቱ ማንም አላነሣም።

የደመራ ዕለት ጠዋት እኔና እሱ ላንቴ ከመኪና ወርደን መውጣት ጀመርን። ለእማማ ወርቄ አዲስ ብርድ ልብስ ይዟል፣ እኔ ስኳርና ሳሙና ይዣለሁ። መንገዱ የሚያንሸራትት ጭቃ ነው። ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ እንድሪያስ ቆመ። ትንሽ ተነፈሰ፣ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ አልፎት ሄደ። እኔ ከኋላው ሆኜ አለቀስኩ፤ እንዳያየኝ አፍንጫዬን በጉንፋን አሳበብኩ።

ብዙም ሳንርቅ ከላይ የለቅሶ ድምፅ መጣ።

"በመስቀል!" አለ እንድሪያስ ደንግጦ። "ማን ይሆን?" እንደ ደንቡ ባርኔጣውን አውልቆ ለለቀስተኛው መንገድ ለቀቀ፤ ፊቱንም ለሐዘን አዘጋጀ። ከፊት የሚመጣው አበጋዝ የሚባል የእናቱ ጎረቤት ነው። እንድሪያስ ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናችሁ፣ ማን ነው የሞተው?" አለው።

አበጋዝ አየው። አፉ ተከፈተ። ዱላው ከእጁ ወደቀና ቁልቁል ተንከባለለ።

ከኋላው እማማ ወርቄ መጡ። ዓመታት ሙሉ ከተራራቸው ወርደው የማያውቁት ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ይወርዳሉ፤ በእርግጥ የሚጎትቱት እሳቸው ነበሩ፣ ያለከለኩት ደጋፊዎቹ ናቸው። ልጃቸውን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚህ በኋላ ያሉት ሁሉ በጋሞኛ ነው፤ በአማርኛ ላስቀምጠው።

"እንድሬ?"

"እማ!"

"ሞተሃል እኮ።"

"ማን አለ?"

"ለመስቀል ከከተማ የወጡ ባለባጃጅ ልጆች 'ልጅሽን ትንሽ አሞታል' አሉኝ። ትንሽ አሞታል የሚባለው ማን ነው? አባትህንም ያን ዕለት ትንሽ አሞት ነበር!"

እንድሪያስ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ አባያን አየሁ፤ ሐይቁ ከታች ሜዳው ጫፍ ላይ ቀላ ብሎ ተኝቷል። እማማ ወርቄ ቀረብ ብለው የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ፣ ጆሮውን ዳሰሱ፣ ደረቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉና ቆዩ። መምታቱን ሲያረጋግጡ በዱላቸው ጀርባውን አቀመሱት። "በቁምህ ታስለቅሰኛለህ? እኔ ልቀብርህ ስወርድ አንተ ልትበላ ትወጣለህ?" ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙና ጮኸው አለቀሱ። እሱም አለቀሰ። ለቀስተኞቹም የጀመሩትን እንዴት ይተዉት፣ አብረው አለቀሱ።

ሲበቃቸው እማማ ወርቄ ራቅ ብለው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። "በእግርህ ነው የመጣኸው?"

"በእግሬ።"

"ሳታርፍ?"

"ሳላርፍ" አለ፤ ስለ ድንጋዩ እኔም አላነሣሁም።

"እንግዲህ ግማሹን መንገድ አንተ ወጣህ፣ ግማሹን እኔ ወረድኩ" አሉ እማማ ወርቄ እያሰቡ። "ቀብሬ ላይ ግማሽ ታለቅሳለህ።"

"እማ፣ ግማሽ ለቅሶ ምን ያደርግልኛል?"

"ሙሉውን የፈለገ ይውጣ!" ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ሽቅብ ሄዱ።

ተከተልናቸው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት የቀረበ ሴት እንዲህ ስትወጣ አይቼ አላውቅም፤ ሽፈራው ጠጥተው አያውቁም፣ ሬዲዮም የላቸውም። ጥቂት እንደሄድን ወደ ኋላ ቀሩና አጠገቤ ሆኑ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልክነሽ፣ አንቺ ነሽ አይደል?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ እማማ" አልኩ። ለእሳቸው መዋሸት አይቻልም።

"ደግ አደረግሽ። ሌላ ጊዜ ስታሳምሚው ግን ቀድመሽ ላኪብኝ" ብለው አልፈውኝ ሄዱ።

ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነበር። እንድሪያስ ከኋላ እያለከለከ፣ "እማ፣ ነጠላሽን አቅኚው እንጂ፣ ሰው ምን ይላል በመስቀል?" አላቸው። ዞር ሳይሉ፣ "እስክትደርስ ይቆይ" አሉት። "ሁለት ጊዜ ማዘቅዘቅ አልችልም።"

ከዚያ በኋላ እንድሪያስ ቀስ እያለ፣ አረፍ እያለ፣ ልክ ዶክተሯ እንዳለችው ወጣ። መጨረሻው ላይ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ እኔም እጁን ልይዘው ፈልጌ ነበር፣ እሱ ግን እናቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ብቻውን ወጣው። እማማ ወርቄ አጥራቸው በር ላይ ደርሰው ፊታቸውን አዙረው ይጠብቃሉ። አልጠሩትም። ማንንም እንዲረዳው አልፈቀዱም። በሩን ተሻግሮ ግቢው ውስጥ ሁለት እግሩ እስኪቆም ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

ያን ጊዜ ነጠላቸውን አቀኑ።